የዕንቁ ዛጎልና የአባሎኒ እጀታ ያላቸው ሰንጢዎች፦ ነጩ ዱቄት ከየት መጣ?

ሰንጢ ሰብሳቢ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) — ጥቅምት 3

ጤና ይስጥልኝ። ላለፉት 7 ዓመታት እጀታቸው ከዕንቁ ዛጎል ወይም ከአባሎኒ የተሠራ ትናንሽ ሰንጢዎችን እሰበስባለሁ። በምኖርበት አካባቢ አንድ ሰው ሲሞት ወይም ቤቱን ለቆ ሲሄድ ቤተሰቡ ዕቃውን በየክፍሉ ዘርግቶ ለአላፊ አግዳሚው ይሸጣል፤ እኔም ቅዳሜ ማለዳ ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ ሁለት ሦስት ቤት ሳላይ አልተኛም። ገዢው ሁሉ ወደ ሥዕሉና ወደ ሸክላው ሲሮጥ፣ ሟቹ ከኪሱ የሚያወጣውን ቁልፍና ሳንቲም ያስቀምጥባት የነበረችውን ሳሕን የሚያገላብጥ የለም። ሰንጢ የሚገኘው ከዚያች ሳሕን ነው። አሁን 26 ደርሰውልኛል።

የዕንቁ ዛጎል የምለው ዕንቁ የምታወጣው የባሕር ፍጥረት የምትኖርበትን ቅርፊት የውስጥ ገጽ ነው፤ ነጭ ሆኖ ሲያዘነብሉት ሮዝማና አረንጓዴማ ቀለም የሚረጭ። አባሎኒ ደግሞ ከቀንድ አውጣ ወገን የሆነ ሌላ ፍጥረት ሲሆን፣ የቅርፊቱ ውስጥ የጣዎስ ላባ ይመስላል።

ሰንጢዎቹን የማስቀምጠው ውስጡ ቀይ ከፋይ በተነጠፈ አሮጌ የኦክ እንጨት ሣጥን ነው። ከሰኔ ጀምሮ ሳልከፍተው ቆይቼ ባለፈው እሑድ ብከፍተው በአራት የዕንቁ ዛጎል እጀታዎች ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቶ አገኘሁ። አቧራ መስሎኝ በጥጥ ጠረግሁት፤ ከሥሩ ያለው ገጽ ግን እንደ ቀድሞው አላበራም፣ ጥፍሬን ሳሳልፍበትም ሻከር ይላል። በሣጥኑ ቀኝ ጥግ ያሉት ሦስት ሰንጢዎች ደግሞ ዘይት ቀብቼ ያስቀመጥኋቸው ሆነው ሳለ ስለታቸው ዝጓል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ዘይት የተቀቡት የግራ ጥጎቹ ግን እንደ መስታወት ናቸው። እርጥበት ቢሆን ሁሉንም ባገኛቸው ነበር። ከእነዚህ ሌላ አንዷ እጀታ ከችንካሩ ቀዳዳ ጀምሮ ፀጉር በምታህል መስመር ተሰንጥቃለች። ትለወጥ ወይስ እንዳለች ትቀመጥ? የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የዴንቨሩ — ጥቅምት 3

ጋሼ፣ እኔ የሰንጢ ዕውቀት የለኝም፤ ነገር ግን ከገለጻዎ ሻጋታ ይመስለኛል። እናቴ መደርደሪያ ላይ ሻጋታ ስታይ አቼቶ በጨርቅ ነክራ ትጠርገዋለች፤ ተመልሶ አይመጣም። አንዱ ላይ ቢሞክሩት ምን ይመስልዎታል?

ከሸፊልድ — ጥቅምት 3

ወንድሜ ሰንጢ ሰብሳቢ፣ ይህን መልእክት አቼቶውን ሳያነሡ እንደሚያነቡት ተስፋ አደርጋለሁ። በፍጹም አይሞክሩት። የዕንቁ ዛጎል ከ100 እጅ 95 ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በሌላ አነጋገር ከኖራ ድንጋይና ከእብነ በረድ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። አቼቶ ወይም ሎሚ ሲነካው አረፋ እያወጣ ይሟሟል። የሚያበራውም ቀለም ስላለበት ሳይሆን፣ የአንድ ሚሊሜትር ሺኛ ግማሽ የሚያህል ውፍረት ያላቸው ቅርፊቶች በፕሮቲን ተያይዘው እንደ ጡብ ስለተደረደሩ ነው። ይህ ውፍረት ለብርሃን ሞገድ ርዝመት የቀረበ በመሆኑ ከየድርብርቡ የሚመለሰው ብርሃን እርስ በርሱ ሲገናኝ ዓይናችን ቀለም ያያል። የላይኛውን ድርብርብ አሲድ ከበላው ቀለሙም አብሮት ይሄዳል፤ ጥፍርዎ ያገኘው ሻካራ ገጽ ያ ነው።

ነጩ ዱቄት ሻጋታ አይደለም። በሙዚየሞች የዛጎል ስብስብ ላይ የታወቀ ነገር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1899 በጻፈበት በእንግሊዛዊው ባይን ስም የባይን በሽታ ይባላል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በሽታ ይባል እንጂ ሕያው ነገር የለበትም። የኦክ እንጨት፣ መቶ ዓመት ቢሞላውም እንኳ፣ አሴቲክ አሲድ በትነት መልክ ይለቃል፤ አሲዱ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሆኖ ካልሲየም ካርቦኔቱን ሲያገኘው የጨው ብናኝ ይወጣል። አሴቲክ አሲድ ማለት ደግሞ አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው ነገር ነው። ስለዚህ የዴንቨሩ ወንድማችን አይሳቀቁ፤ ሰንጢዎቹ ያለ እርስዎ ምክርም በአቼቶ ውስጥ ከርመዋል።

ዛሬውኑ ከሣጥኑ ያውጧቸው። በተጣራ ውኃ እምብዛም ባልራሰ ጥጥ እጀታውን ብቻ ጠርገው ወዲያው ያድርቁ፤ ውኃው ወደ ማጠፊያው እንዳይወርድ ሰንጢውን አፉን ወደ ላይ አድርገው ይያዙት። ሰብሳቢዎች የኦክ ሣጥን የሚወዱት ሰንጢውን ስለሚያሳምረው ነው፤ ለዛጎል ግን ከዚያ የከፋ ማደሪያ አይገኝም። ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ሣጥን ወይም የብረት መሳቢያ፣ አሲድ የሌለበት ወረቀትና እርጥበት የሚስብ ሲሊካ ጄል ይበቃዎታል።

ዝገቱን ግን ይህ ብቻ አያስረዳውም። ለምን በአንድ ጥግ ብቻ? ከዚያ ጥግ ያሉትን አንድ በአንድ ቢገልጹልን መልካም ነው።

ሰንጢ ሰብሳቢ — ጥቅምት 4

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አቼቶውን ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ነበር፤ በጊዜ ደረሱልኝ። ሁሉንም አውጥቼ በነጭ ፎጣ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ።

በቀኙ ጥግ የነበሩት አራት ናቸው። ሦስቱ የዛጉት፣ ሁለቱ አባሎኒ አንዱ ዕንቁ ዛጎል፣ ሲሆኑ አራተኛው በመካከላቸው የነበረ፣ ሁለት ስለት ያለው፣ የሠሪው ስም ተፍቆ የማይነበብ ሰንጢ ነው። ከስብስቤ ሁሉ የሚያበራው እሱ በመሆኑ በ18 ዶላር ስገዛው ሻጭዋን ያታለልኋት መስሎኝ ነበር። አሁን ዘርግቼ ሳየው ግን የእሱም ስለት ከሌሎቹ ሁሉ የባሰ ዝጓል፤ ከእጀታው ሥር ያለው ናስም አረንጓዴ ሆኗል። አንድ ነገር ላክል፤ ሣጥኑን ስከፍት ከዚያ ጥግ የቪክስ ሽታ ይመጣል። ባለቤቴ ጉንፋን ይዞህ ነው ወይ አለችኝ።

የሞላ ድምፅ (ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ) — ጥቅምት 4

ወዳጄ፣ ያ ሽታ ካምፎር ነው፤ አራተኛውም ሰንጢ ዛጎል አይደለም። አሁን ይህን እያነበቡ ሳሉ ተነሥተው ከሌሎቹ ያርቁት።

ዕቃው ሴሉሎይድ ይባላል። ጆን ዌስሊ ሃያት እ.ኤ.አ. በ1870 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ ጥጥን በናይትሪክ አሲድ አሳልፎ ከካምፎር ጋር በማዋሐድ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ብልጭልጭ የሚል ነገር እየከተቱ የተሰነጠቀ በረዶ አስመስለው ለሰንጢ እጀታ ብዙ ተጠቅመውበታል፤ ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፣ ያምራል። ነገር ግን ሲያረጅ ይፈርሳል። ሲፈርስም የሚለቀው ጋዝ ከእርጥበት ጋር ናይትሪክ አሲድ ይሆናል፤ የራሱን ስለት በልቶ ሲጨርስ ወደ ጎረቤቱ ይዘልቃል። እኔ በተራዬ ሰባት ሰንጢ አጥቼበታለሁ፤ በየትኛው ቀን እንደጀመረ እንኳ አላወቅሁም። ከዚህም ሌላ በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ስለሆነ መርፌ አግሎ በመውጋት መለየት የሚለውን አሮጌ ምክር የሚነግርዎ ቢኖር አይስሙት።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ሰንጢውን ከመሳቢያ እንዳወጣሁ ከከንፈሬ ላይ አደርገዋለሁ፤ ዛጎል ድንጋይ ስለሆነ ይቀዘቅዛል፣ ቅዝቃዜውም ቶሎ አይለቅም፤ ሴሉሎይድ ወዲያው የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። ቀጥሎ ከመስኮት አጠገብ ቀስ ብዬ አዘነብለዋለሁ። በዛጎል ላይ ብርሃኑ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እንደ ውኃ ይሄዳል፤ በሴሉሎይድ ላይ ግን እያንዳንዱ ብልጭታ በቦታው ሆኖ ይበራና ይጠፋል። በመጨረሻ እጀታው ከናሱ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ በአጉሊ መነጽር አያለሁ። እዚያ ጠርዝ ላይ ዛጎል እንደ ሽንኩርት የተደራረበ መስመር ያሳያል፤ መስመሩም ሰው እንዳሰመረው ቀጥ ያለ አይደለም።

አንዳንድ ፋብሪካዎች ራሳቸው ነግረውናል። የፔንሲልቬንያው፣ የብራድፎርዱ ኬዝ በስለቱ ሥር የሚመታው ቁጥር የመጀመሪያ አኃዝ የእጀታውን ዓይነት ያመለክታል፤ 8 እውነተኛ የዕንቁ ዛጎል፣ 9 አስመስሎ የተሠራ ማለት ነው። ሁለተኛው አኃዝ የስለቶቹ ብዛት ሲሆን የቀረው የሞዴሉ ቁጥር ነው። በ1970 ደግሞ ከአገሩ ስም ሥር 10 ነጥቦች መምታት ጀምሮ በየዓመቱ አንዷን ይቀንስ ነበር፤ ከ1970 እስከ 1979 በተሠራ ሰንጢ ላይ ሰባት ነጥብ ካዩ 1973 ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ያለባቸው ካሉዎት ቢመለከቱ ጥሩ ነው።

ሰንጢ ሰብሳቢ — ጥቅምት 5

ከከንፈሬ ላይ አድርጌ ሞከርሁት፤ ልዩነቱ ያሳፍራል። ሰባት ዓመት ስሰበስብ አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን አላወዳደርኋቸውም ነበር። የ18 ዶላሩን በብርጭቆ ዕቃ ለብቻው አድርጌ፣ ክዳኑን ሳላጠብቅ፣ ከቤት ውጭ ወዳለው የዕቃ ማስቀመጫ ወስጄዋለሁ። 8 ቁጥር ያላት አንዲት ሰንጢም አገኘሁ፤ ከነጥቦቿ አራት ይቆጠራሉ።

ሌላ ጥያቄ ልጨምር። አንዷ ሰንጢ ስለቷ ራሱ ብር ይመስላል፤ ሲያጥፏት ደካማ ድምፅ ነው ያላት፣ የተለመደውን ቀጭታ አታሰማም። በስለቱ ላይ አንበሳ፣ ዘውድ፣ አንድ ፊደልና የሴት ራስ ተመትተውበታል።

ከሸፊልድ — ጥቅምት 5

እንኳን ደስ ያለዎት፤ ከእኔ ከተማ የሄደች ናት። አንበሳው ከ1000 እጅ 925 ብር ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው። ዘውዱ በ1773 የተቋቋመው የሸፊልድ የብር መመርመሪያ ቤት ምልክት ሲሆን ከ1975 ወዲህ በጽጌረዳ አበባ ተተክቷል፤ የበርሚንግሃም ቢሆን መልሕቅ ባዩ ነበር። ፊደሉ ዓመቱን ይነግራል፤ ቅርጹንና የክፈፉን ዙሪያ ቢልኩልኝ ከሠንጠረዥ አያለሁ። የሴቲቱ ራስ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት፤ ለብር የሚከፈለው ቀረጥ መከፈሉን ያሳያል፣ በ1890ም ቀርቷል። ስለዚህ ፊደሉን ሳናይ እንኳ ሰንጢዋ ከ1837 እስከ 1890 ባለው ጊዜ መሠራቷ እርግጥ ነው።

ይህች የፍራፍሬ ሰንጢ ናት። የብረት ስለት ፖምና ብርቱካን ሲቆርጥ በአሲዳቸው ይጠቁራል፣ ለፍሬውም የብረት ጣዕም ይሰጠዋል፤ ብር እንዲያ አያደርግም። በ1913 ሃሪ ብሬርሊ በዚሁ ከተማ የማይዝግ ብረት እስኪያወጣ ድረስ አቅም ያላቸው ሰዎች በኪሳቸው እንዲህ ያለ ሰንጢ ይዘው ይንቀሳቀሱ ነበር። ድምፁ የደከመው ብር ለስላሳ ስለሆነ፣ የሞላውም ግፊት እንዳይጎዳው ስለሚለዝብ ነው፤ እንከን አይደለም። የሚያስገርመው ግን ከፍራፍሬው አሲድ ስለቱን ለማዳን ብር መርጠው፣ እጀታውን ከዚያው አሲድ ከሚፈራው ዛጎል መሥራታቸው ነው። ከስለቱ አጠገብ ያለውን የእጀታ ጫፍ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፤ ባለቤቷ ሳይጠርጋት ብርቱካን ትልጥባት የነበረች ከሆነ እዚያ ላይ ደብዘዝ ብሎ ያገኙታል።

የሞላ ድምፅ — ጥቅምት 6

በቅንነት አንድ ማስተካከያ፤ ሰብሳቢዎቻችን ብር የሚመስለውን ሁሉ ብር እንዳይሉ። በዛጎሉ ጫፍና ጫፍ ላይ ያለው ነጭ ብረት ብዙ ጊዜ ኒኬል ሲልቨር የሚባለው ሲሆን መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፤ ከስሙ በቀር ብር የለበትም። ለአሜሪካ ገበያ የመጡትን የጀርመንና የእንግሊዝ ሰንጢዎች በተመለከተ ደግሞ የ1890ው የማኪንሊ የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የአገሩን ስም እንዲይዝ አስገድዷል። ስለዚህ ከዞሊንገን ከተማ ስም ቀጥሎ ጀርመን የሚል ካለበት በአብዛኛው ከ1891 ወዲህ የተሠራ ነው።

ወለተ ጽዮን (ኢየሩሳሌም) — ጥቅምት 6

ሰንጢ አልሰበስብም፤ ነገር ግን ይህን ዛጎል በየቀኑ አየዋለሁ። በቤተልሔም ከፍራንሲስካን መነኮሳት የተማሩ የእጅ ባለሙያዎች ለዘመናት መስቀልና ሥዕል ሲቀርጹበት ኖረዋል፤ ከአገር ቤት የሚመጡ ተሳላሚዎችም ከጧፉና ከመቁጠሪያው ጋር ነጭ የዛጎል መስቀል ገዝተው ይመለሳሉ። የብዙዎቻችን እናቶች ቤት አንድ አይጠፋም። ዛጎሉ ቀድሞ ከቀይ ባሕር ይመጣ ነበር። የዳህላክ ደሴቶች ጠላቂዎች ዕንቁና ዛጎል ሲያወጡ በምፅዋ በኩል ይነገድ ነበርና ለእኛ የሩቅ ዕቃ አይደለም።

ዐረቦቹ ሰደፍ ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ፤ እኛ ሰደፍ የምንለው የጠመንጃውን ነዋ! በአማርኛ የዕንቁ ዛጎል ማለታችሁን ወድጄዋለሁ፤ የዕንቁ እናት ከሚለው ቃል በቃል ትርጉም ይሻላል።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። የማውቀው ሽማግሌ ዛጎሉን የሚሞርደው ከአጠገቡ በተቀመጠ የውኃ ጣሳ ውስጥ እየነከረ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ያለው ጨርቅ ነጭ ጭቃ ይሆናል። ልጁ በማሽን ደረቁን ሲቆርጥ ካየ ይቆጣል። አቧራው ሳንባ ይገባል ይላል፤ ወንድሙን ያሳለው እሱ ነው ይላል።

አንጥረኛው (ፒያሳ፣ አዲስ አበባ) — ጥቅምት 7

የእኅታችን ሽማግሌ ልክ ናቸው፤ ያለ አፍ መሸፈኛና ያለ ውኃ ዛጎል የሚቆርጥ ሰው ሥራውን አያውቀውም።

ስለ ስንጥቋ ልናገር። እኔ ወርቅና ብር ነው ሥራዬ፤ ዛጎል የሚመጣልኝ ቀለበትና የጆሮ ጌጥ ላይ ሲሆን፣ ሁለት ጊዜ ግን የሰንጢ እጀታ ለውጫለሁ። ቀዳዳውን መብሳት አይደለም የሚያስፈራው፤ ሹል መሰርሰሪያ ይዞ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ በውኃ እያቀዘቀዙ ከሁለቱም ወገን ወደ መሀል ከበሱት ይበሳል። የሚያስፈራው የመጨረሻዋ ደቂቃ ናት። ችንካሩ ገብቶ ጫፉ በመዶሻ ሲደበደብ ናሱ ወደ ጎን ያብጣል፤ ቀዳዳው ለእብጠቱ ቦታ ከሌለው ዛጎሉ ቲክ ይላል። ያን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም። የመጀመሪያዋን እጀታ በሁለተኛው ችንካር ላይ ሰብሬ የሁለት ቀን ሥራ ጣልሁ። የእርስዎም ሰንጢ ከቀዳዳው የጀመረ ስንጥቅ ካለባት ምናልባት ከተሠራችበት ቀን ጀምሮ ውጥረት ይዛ ኖራ፣ አንድ ቀን ስትወድቅ የተፈታች ናት።

በእኔ አስተያየት ትለወጥ። የተሰነጠቀ ነገር እየሰፋ ይሄዳል፤ ከወደቀ ቁራጩም ይጠፋል።

ከሸፊልድ — ጥቅምት 7

በአንጥረኛው ሙያ ላይ አፌን አልከፍትም፤ በዚህ ግን አልስማማም። የድሮው እጀታ ከተነሣ ሰንጢው የሁለት ዘመን ዕቃ ይሆናል፤ የሚያውቅ ገዢም አዲሱን ዛጎል ያየዋል። የድሮዎቹ ጥቅጥቅ ያሉና ወፍራም ናቸው፤ ብዙዎቹ የተቆረጡት ስፋቱ እስከ 30 ሴንቲሜትር ከሚደርሰው ትልቁ የዕንቁ ዛጎል ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዚህ ንግድ ዋና ከተማ በምዕራብ አውስትራሊያ የሚገኘው ብሩም ነበር፤ ዛጎሉ በብዛት የሚሄደው ለልብስ ቁልፍ ነው፣ ሰንጢ ሠሪው የሚወስደው ጥቂቱን ነው። በብሩም ከ900 በላይ ጃፓናውያን የተቀበሩበት መካነ መቃብር አለ፤ ብዙዎቹ ጠላቂዎች ናቸው። የፕላስቲክ ቁልፍ ሲመጣ ንግዱ ወደቀ፤ ያን የመሰለ ወፍራም ቁራጭም እንደ ልብ አይገኝም።

እኔ ብሆን ቀጭን ፈጣን ማጣበቂያ በመርፌ ጫፍ ከስንጥቁ አፍ ላይ አንዲት ጠብታ አሳርፌ ራሱ ስቦ እንዲያስገባት እተወው ነበር። ስንጥቁ ይቆማል፣ ሰንጢውም ራሱን ሆኖ ይቀጥላል።

አንጥረኛው — ጥቅምት 7

ለሚሸጥ ሰው የእርስዎ ምክር ልክ ነው። ለሚይዘው ሰው ግን የእኔ። ባለቤቱ ይምረጡ።

ከኦክላንድ (ካሊፎርኒያ) — ጥቅምት 9

ውይይቱ ስለ ዕንቁ ዛጎል ብቻ ሆነና አባሎኒ ተረሳ። ስብስብዎ ውስጥ ሁለት መኖራቸውን ስላነበብሁ አንድ ነገር ላንሣ።

አባሎኒ ቅርፊቱ እንደ ጆሮ የጎበጠ ነው፤ በጠርዙም የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች በረድፍ አሉበት። ከዚህ ጎባጣና ቀዳዳ ከበዛበት ዕቃ ሰባት ሴንቲሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ቁራጭ ማውጣት ከባድ ነው፤ ከአንድ ቅርፊት አንዲት ጥንድ ከወጣች ጥሩ ነው። ስለዚህ አዲስ ሰንጢ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው የአባሎኒ እጀታ ይዞ ሲቀርብ ጠርዙን ይዩ። ብዙዎቹ ከወረቀት ብዙም የማይወፍሩ የዛጎል ልጦች በሙጫ ተደራርበው የተጋገሩ ናቸው። ሐሰት አይደለም፣ አባሎኒው እውነተኛ ነው፤ ዋጋው ግን የአንድ ቁራጭ ዋጋ መሆን የለበትም። በጠርዙ ላይ የመስኮት መስታወት እንደሚደራረብ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይታያሉ፤ የልጦቹ መገናኛም ከፊት ለፊት እንደ ስፌት ይለያል።

ሁለተኛው ነገር ሕግ ነው። በእኛ ግዛት አባሎኒን ለንግድ ማጥመድ እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘግቷል፤ ለመዝናኛ ይፈቀድ የነበረው ቀይ አባሎኒም፣ የሚመገበው የባሕር አረም ደን ሲመናመን፣ በ2018 ተዘጋ። ነጩ አባሎኒ በ2001 በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ሲመዘገብ አከርካሪ ከሌላቸው የባሕር እንስሳት የመጀመሪያው ነበር። በኒው ዚላንድ ፓዋ የሚባለው ሰማያዊው ዘር ዛሬም ይጠመዳል፤ እዚያም ቢሆን ተራው ሰው የመተንፈሻ አየር ጋን ተሸክሞ ሳይሆን ትንፋሹን ይዞ ብቻ ነው የሚጠልቀው፣ በአብዛኛው ስፍራም ከ125 ሚሊሜትር ያነሰውን መውሰድ ክልክል ነው። አሮጌ ሰንጢ በመግዛት የምንጎዳው እንስሳ የለም፤ አዲስ ስትገዙ ግን ሻጩን ከየት የመጣ ዘር እንደሆነ ጠይቁ። መልስ ከሌለው እኔ ጥዬው እሄዳለሁ።

ዱባይ ያለሁ — ጥቅምት 10

አጭር ማሳሰቢያ። አንድ የሚያምር የአባሎኒ ሰንጢ ለአባቴ ገዝቼ በእጅ ሻንጣዬ ረስቼው ኖሮ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተወሰደብኝ። ያየው ፈታሽ ራሱ ሁለት ጊዜ አገላብጦ ወደ ሳጥኑ ጣለው። አገር ቤት የምትልኩ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ ልብስ ውስጥ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ ደግሞም ከረጅም ጉዞ በኋላ ላቡን ጠርጉት፣ የእጅ ላብም አሲድነት አለው።

ሰንጢ ሰብሳቢ — ኅዳር 28

ወንድሞቼና እኅቴ፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ። በየሳምንቱ እያየሁ ማስታወሻ ስይዝ ነበር።

ሃያ አምስቱ ሰንጢዎች በሁለት የፖሊፕሮፒሊን ሣጥን ገብተዋል። ከአራቱ በሦስቱ ላይ ነጩ ዱቄት አልተመለሰም። በአራተኛው በኅዳር መግቢያ ላይ ከችንካሩ ዙሪያ ጥቂት ታየኝ፤ ድጋሚ ጠርጌ አደረቅሁት፣ እስካሁን ደኅና ነው። የደበዘዘው ገጽ ግን ደብዝዞ ቀርቷል። ላንጸባርቀው አሰብሁና ከመደርደሪያዬ ያለው የብረት መወልወያ አሞኒያ እንዳለበት ሳነብ ተውሁት።

ዝገቱን በዘይትና በጥሩ የብረት ሱፍ አወጣሁት፤ ሁለቱ አባሎኒዎች ጥቁር ነጥብ ቀርቶባቸዋል፣ ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ጸድቷል፤ ሲታጠፍም ያችን ቀጭ የምትል ድምፅ መልሷል። የ18 ዶላሩ ሴሉሎይድ በብርጭቆው ውስጥ ላብ የመሰለ ነገር ማውጣት ጀምሯል፤ ወደ ቤት አልመልሰውም።

የብር ሰንጢዋን የእጀታ ጫፍ እንደታዘዝሁት አየሁ። ደብዝዟል፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጨረቃ፣ በአንድ ወገን ብቻ። ባለቤቷ በቀኝ እጇ ይዛ ወደ ራሷ ትልጥ የነበረች ይመስለኛል፤ ጭማቂው የሚወርደው በዚያ በኩል ነዋ። ፊደሉን ፎቶ አንሥቼ ለሸፊልዱ ወንድሜ ልኬለታለሁ።

የተሰነጠቀችዋን በጠብታ ማጣበቂያ ያዝኋት። አንጥረኛው እንዳይቀየሙኝ፤ ስንጥቋ አንድ ቀን ከሰፋች ፒያሳ ይዣት እመጣለሁ።

ወለተ ጽዮን — ኅዳር 29

ደስ ብሎኛል። የእናትዎስ መስቀል? ያለች እንደሆነ በምን ሣጥን ናት?

ሰንጢ ሰብሳቢ — ታኅሣሥ 2

እኅቴ፣ ይህን ጥያቄዎን ሳነብ ደነገጥሁ። እናቴ በ1964 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ተሳልማ ያመጣችው የዛጎል መስቀል አለ፤ በአዲስ አበባ በታላቅ እኅቴ ቤት ነው። ወዲያው ደወልሁና ከእንጨት ሣጥን ውስጥ ከሆነ ዛሬውኑ አውጪው አልኋት። ቆይ ልይ ብላ ስልኩን አስቀምጣ ሄደች፤ ቆርቆሮ ሲከፈት ይሰማኛል። በታጠበ ነጠላ ተጠቅልሎ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ እናታችን ካስቀመጠችበት አልነካሁትም፣ ዱቄትም የለበትም፣ ምነው አለችኝ።